ፊታቸውን ያጠብኩላቸው ሰዎች

ሥራዬ ፎቶ ማጠብ ነበር። ዛሬ እንዲህ ስል የሚገባው ልጅ ጠፍቷል፤ እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ፍሪስኮ ያለችው የልጄ ልጅ "በሳሙና?" ብላ ጠይቃኛለች። በሳሙና አይደለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባዶ ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ቀስ እያሉ ማወዛወዝ ነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቅንድብ ይመጣል፣ ከዚያ የኮት ኮሌታ፣ ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው እየሳቀ ያየኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አየሁት፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ባለፈው የካቲት ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጋርላንድ አንድ ክርስትና ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ትዕግስት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበር የምትሠሪው?" አለችኝ። እንደ ልማዴ "ፎቶ ቤት" ብዬ ላልፍ ስል፣ አሁን ማንን ፈርቼ ነው አልኩ ለራሴ። "ኦክ ሎውን፣ የጌዮች ፎቶ ቤት" አልኳት። እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ወዲያው ሌላ ሰው መጥቶ ወሬያችን ተቋረጠ። ይህን የምጽፈው ያን ወሬ ለመጨረስ ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ወይ ስድብ ናቸው ወይ ፍርድ። ሰዎቹ ራሳቸውን ጌይ፣ ሌዝቢያን ይሉ ነበር፤ ወጣቶቹ አሁን ክዊር ይላሉ። እኔም እነሱ እንደሚሉት እላለሁ።

ዳላስ የገባሁት በሱዳን በኩል፣ በስደተኛነት ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር፤ መጀመሪያ ጉርድ ፎቶ ላይ የወጡ ነጫጭ ነጥቦችን በቀጭን ብሩሽ መሸፈን፣ ኋላ ደግሞ ማጠብ። እዚህ ስመጣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የዳላስ ጎረቤት ከተማ ነበር፤ ፎቶ በአንድ ሰዓት የሚያደርስ ማሽን ያለው መድኃኒት ቤት። ማኔጀሩ አንድ ደንብ ነበረው። ከማሽኑ የወጣውን ፎቶ ሁሉ ያገላብጥና ለቤተሰብ አይሆንም ያለውን ቀዶ ይጥላል። ደንበኛው ሲጠይቅ "አልወጣም" ይባላል።

አንድ ቀን ከአንድ ፖስታ ውስጥ አሥራ አራተኛዋን ፎቶ አወጣ። ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ የአንደኛው አፍንጫ ላይ የኬክ ክሬም አለ፣ ሌላኛው ጉንጩን ይስመዋል። ማኔጀሩ ቀደደው። እኔ ዝም አልኩ። የዝምታዬ ምክንያት ሥራዬን መፍራት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ ትክክል የሠራ መስሎኝ ነበር።

ማታ ከመዝጋታችን በፊት የፎቶዎቹ ባለቤት መጣ። ረጅም፣ ነጭ ሪዛም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ከዚያ ኔጌቲቩን አውጥቶ ወደ መብራቱ ቀና አደረገው።

"አሥራ አራተኛዋ እዚህ አለች" አለ። "እዚያ ግን የለችም።"

አልጮኸም። አንዱን ፎቶ አነሳና "ይሄን ማን አተመው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"አየሽ፣ ከዛፉ ሥር አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ጓደኛዬ ቆመዋል። ሁለቱም የራሳቸውን መልክ ይዘዋል። አብዛኛው ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። እኔ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ማሽኔ ተበላሽቶ ነው እዚህ ያመጣሁት። ሥራ ከፈለግሽ ነይ።" ካርዱን አስቀምጦ ሄደ። ዋልተር ይባላል። ክሬም አፍንጫው ላይ የነበረው ሰው ሬይ የሚባል ፖስተኛ ነው፤ አብረው ይኖራሉ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ደሞዙ ይሻል ነበር። የወሰደኝ ግን እሱ አይደለም። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የእጄን ሥራ ያየልኝ ሰው ዋልተር ብቻ ነበር።

በአማርኛ ቢሆን አንቱ የምለው ሰው ነው። እሱ ግን "ዋልተር ብቻ በይኝ" አለኝ፤ እኔን "ቲጂ" ይለኛል። ኔጌቲቭ ከመንካቱ በፊት እጁን እንደ ቀዶ ሐኪም ይታጠባል። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስለነበረ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዓት አይጠቀምም፤ ጊዜውን በመዝሙር ነው የሚለካው። አንድ አዝማች ሲያልቅ ወረቀቱን ያወጣል፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። እኔም ተማርኩና የእኛን መዝሙር ተጠቀምኩ። የእኛ ረዘም ስለሚል መጀመሪያ አካባቢ ፎቶዎቼ ሁሉ ጠቆሩ።

"ቲጂ፣ የናንተ አምላክ አይቸኩልም እንዴ?" አለኝና ሁለታችንም ሳቅን።

ያስተማረኝ አንድ ትልቅ ነገር ይህ ነው። ኮንታክት ሺት የሚባል ወረቀት አለ፤ የአንድ ፊልም ፎቶዎች በሙሉ በትንንሹ ተደርድረው የሚታተሙበት። ዋልተር በእያንዳንዱ ጀርባ የሰዎቹን ሙሉ ስም በእርሳስ ይጽፋል። ከስሙ አጠገብ ምልክት ያደርጋል። ክብ ከሆነ ፎቶው ለሰው ሊታይ ይችላል። ሰረዝ ከሆነ ለራሳቸውና ለወዳጆቻቸው ብቻ ነው። መስቀለኛ ከሆነ በሕይወት እስካሉ ማንም አያየውም። ምልክቱን የሚያደርገው ባለቤቶቹን ጠይቆ ነው። "ፊቱ የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው" ይል ነበር።

ቤት ውስጥ ለባለቤቴ ለኃይሉ የሠርግ ፎቶ እንደምሠራ ነበር የነገርኩት። መጀመሪያ ሰሞን ስሠራ ዓይኔን ከፎቶው አሸሽ ነበር፤ ምን ይመጣ ይሆን እያልኩ። የመጣው ግን ምግብ ነው። የተጠበሰ ሥጋ፣ የልደት ኬክ፣ ሐብሐብ። የሶፍትቦል ቡድን ዋንጫ ይዞ፣ ከዚያ ያው ቡድን ሀምበርገር ይዞ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው መብላት ብቻ ነው እንዴ እስክል ድረስ። በሦስተኛው ወር ገደማ መፍራቴን እንደተውኩ እንኳ ሳላውቅ ተውኩት። ኃይሉም አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ የግድግዳውን ፎቶ ሁሉ አየ። መኪና ውስጥ ስንገባ "ሠርግ አልነበረም ማለት ነው" አለ። "አልነበረም" አልኩት። "ሰውየው ግን ጥሩ ሰው ይመስላል" አለና የዋልተርን ፒክአፕ ፍሬን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠራለት።

ከሥራዎቼ ሁሉ የማልረሳው የአንድ አናጢ ጉዳይ ነው። በመቀስ የተቆረጠ ፎቶ ይዞ መጣ። ወዳጁ በኤድስ ሲሞት ቤተሰቦቹ ዕቃውን ሁሉ ወስደው ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዲት የሟቹ እህት አዝና ይህን ፎቶ ላከችለት። ግማሹ የለም። የሟቹ ትከሻ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ብቻ አርፏል።

"ይሄ እጅ የእኔ ነው" አለን።

ዋልተር የሟቹን ስም ሰምቶ ኔጌቲቮቹ ወደተቀመጡባቸው ሣጥኖች ሄደ። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነበር። ኔጌቲቩን አገኘው። እኔ አተምኩት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለነበረች የአናጢው ሸሚዝ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ የሟቹ ፊት ደግሞ ይጨልማል። ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ካርቶን ይዤ ብርሃኑ ሲወርድ ፊቱን ጋረድኩለት፤ የቀረውን ብርሃን ለሸሚዙ ሰጠሁት። ሰባት ወረቀት አበላሸሁ። ስምንተኛው ላይ ሁለቱም መጡ፣ ሸሚዙም ከነቁልፉ። አናጢው ፎቶውን አይቶ መጀመሪያ ያለው "ፀጉር ነበረኝ!" ነው። ከዚያ ነው ያለቀሰው። በሳምንቱ ራሱ የሠራውን መደርደሪያ ለሣጥኖቻችን አመጣልን።

አሁን የጥፋቴን ልናገር።

ዋልተር ኦፕራሲዮን ሆኖ ሆስፒታል ሳለ ፎቶ ቤቱ በእኔ እጅ ነበር። ፎርት ወርዝ ያለ አንድ ትንሽ የሥዕል ማሳያ ሃያ ፎቶ ጠየቀን። በራሴ መረጥኩ። ከመረጥኳቸው አንዷ በጣም የምወዳት ነበረች፤ እዚህ ሊንዳ የምላት ሴት ሜዳ ላይ ተቀምጣ የጓደኛዋን ጫማ እያሰረች ትስቃለች። የድሮው ኮንታክት ሺት ስለቆሸሸ ጥቂት ቀደም ብዬ አዲስ አትሜ ነበር። የፊት ለፊቱን እንጂ ጀርባው ላይ የነበረውን ጽሑፍ አልገለበጥኩም። ጀርባው ላይ ሰረዝ ነበረ።

ሊንዳ ከፎርት ወርዝ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። አንድ ወላጅ ፎቶውን አይቶ አወራ። አላባረሯትም፤ ግን ጫናው ስለበዛባት ዓመቱ ሳያልቅ ራሷ ለቀቀች። የሰማሁት በስልክ ነው፤ ደዋይዋ ሊንዳ ራሷ ነበረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ማን ፈቀደልሽ?" ብቻ አለችኝ።

ዋልተር ገና ያልዳነ ሆዱን ይዞ መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና "ፎቶ ቤቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታውን የምጽፈው እኔ ነኝ" አለ። "ሄደሽ የምትጠይቂው ግን አንቺ ነሽ።"

ሄድኩ። ሊንዳ በሩን ከፈተች፣ ግቢ አላለችኝም። ማልቀስ ጀመርኩ።

"እንባሽን አልፈልግም" አለችኝ። "ኔጌቲቩን ስጪኝ።"

ይዤው ሄጄ ነበር፤ ሰጠኋት። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም፤ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ዋልተርና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን አዳዲሶቹን ኮንታክት ሺቶች በሙሉ ከድሮዎቹ ጋር እያመሳከርን ምልክቶቹን በእጅ ገለበጥን፤ ወራት ፈጀ። ታሪክን ማሳየት ጥሩ ነገር ነው እያልኩ፣ ታሪኩን ገና እየኖረው ያለ ሰው እንዳለ የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህ ሐዘን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልጠይቅም።

ቀጥሎ ዲጂታል መጣና ጨለማ ክፍሉ ሥራ ፈታ። እኔም ኔጌቲቮቹን ስካን ማድረግ ተማርኩ። ዋልተር ደከመ፣ ምርኩዝ ያዘ። እንዲህ እያለን ነው የጌዮችና የሌዝቢያኖች ጋብቻ በሕግ የተፈቀደበት ዕለት የደረሰው። ጠዋት ስገባ ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።

"እኔ አጣቢ ነኝ እንጂ አንሺ አይደለሁም" አልኩት።

"ዛሬ እግሬ አይቆምም። አንቺ አንሺ፣ እኔ ስም እጽፋለሁ።"

ዳላስ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ሕንጻውን ዞሯል። ዋልተር ታጣፊ ወንበር ላይ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ አነሳሁ። አበባ የያዙ፣ ሕፃን የያዙ፣ ከሥራ ሳያስፈቅዱ የወጡና ፊታችን እንዳይወጣ ያሉ፤ እነሱን ደግሞ እጃቸውን ብቻ አነሳሁ። ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። እኔን ራሴን ስንት ሰው እንዳቀፈኝ አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ዋልተር ደብተሩን ዘጋ። ሬይ አጠገቡ ቆሟል፤ አዲስ ክራቫት አድርጓል። ያኔ ነው የገባኝ።

ተጋብተው ሲወጡ ደረጃው ላይ አቆምኳቸው። በመሐላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ ትተው ቆሙ።

"ቀረብ በሉ እንጂ" አልኩ። አንድ ጣት ያህል ተጠጉ። "አሁንም።"

ሬይ ሳቀ። "ቲጂ፣ እኛ ከቤት ውጭ ካሜራ ሲመጣ ፈቀቅ ማለት ነው የለመድነው። ዕድሜያችንን ሙሉ።"

"ዛሬ ደግሞ ጠጋ በሉ" አልኩና ሄጄ ትከሻቸውን በእጄ ገፋሁ። ሬይ በዚያው ዞሮ ዋልተርን ሳመው። ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ፣ ጮኸ። እኔም አጨበጨብኩ። በሁለት እጄ! ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

"አነሳሽው?" አለ ዋልተር።

"አላነሳሁም" አልኩ፤ ላለቅስ ደረስኩ።

ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። "እንግዲያው እንደገና" አለ ሬይ። ሁለተኛውን አንስቼዋለሁ። ፎቶው ላይ እየሳቁ ስለሆነ በደንብ አልተሳሳሙም፤ ግን ከዚያ የተሻለ ፎቶ በሕይወቴ አላነሳሁም።

ዋልተር ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልጋው ላይ፣ ሬይ እጁን ይዞት ሞተ። ፎቶ ቤቱንም ሣጥኖቹንም ለእኔ ተወልኝ። አሁን ሣጥኖቹን አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ምልክቶቹን አክብሮ ሊጠብቅ ፈርሞ ተረክቧል። ከመዝጋቴ በፊት ስላነሳሁት የመጨረሻ ፎቶ ነው መናገር የቀረኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ደውላ በእንግሊዝኛ ጀመረች። አነጋገሬን ስትሰማ ወደ አማርኛ ዞረች። "ሐበሻ ነሽ?" አለችኝና ነኝ ስላት ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ እንደገና ደወለች። ሂሩት ትባላለች፤ ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው፤ ሪቻርድሰን ትኖራለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት።

"ሶ፣ ማለቴ፣ እትዬ... እዚያ ቤት የታየ ነገር ውጭ አይወራም አይደል?"

"እዚህ ቤት ማንም ስለ ማንም አያወራም" አልኳት።

ከጃኔት ጋር መጣች። ጃኔት የዳላስ ተወላጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ አብረው አሥር ዓመት ኖረዋል። ሂሩት ፊቷ እንዲታይ አልፈለገችም። ሐይቅ ዳር ወስጃቸው ከኋላቸው አነሳኋቸው፤ ሁለት ጀርባ፣ የተነካኩ ሁለት ራሶች፣ ከፊታቸው ውኃ። ሳሎን ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ "የሐይቅ ፎቶ ነው" ትላለች።

ባለፈው ኅዳር የሂሩት እናት እማማ ሙሉ ግሪን ካርድ ወጥቶላቸው ከአዲስ አበባ መጡና አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። ሂሩት "ጃኔት ሩምሜቴ ናት" አለቻቸው። የካቲት መግቢያ ላይ ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ እማዬ ፎቶ ቤት ውሰጂኝ አለችኝ። ምን እንደፈለገች አላውቅም።"

ሦስቱም መጡ። እማማ ሙሉ ያንን የሐይቅ ፎቶ ከነፍሬሙ ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"ይሄን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"እጅሽ ጥሩ ነው። ግን ይሄ የልጄ ጀርባ ነው። ጀርባዋን አውቀዋለሁ፤ ስታኮርፈኝ የምታሳየኝ እሱን ነው። ልጄ ፊት የላትም እንዴ?"

"እማዬ፣ ፕሊስ" አለች ሂሩት።

"ቆይ! ሦስት ወር አብሬያችሁ ኖርኩ። ደም ግፊቴ የተነሳ ጊዜ ተሸክማኝ የሮጠችው ማን ናት? ይቺ ናት። መኪናሽ ገና ሲቆም በመስኮት የምታይሽ ማን ናት? ይቺው ናት። ሩምሜት ትይኛለሽ። አርጅቻለሁ እንጂ ዓይኔ አልጠፋም።"

ሂሩት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እማማ ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አልገባኝም፤ አልዋሽሽም። ነገሩን ለእግዚአብሔር እየነገርኩት ነው። እሱ እስኪመልስልኝ ድረስ ግን ልጄን ያለ ፊት ግድግዳ ላይ አልሰቅላትም።"

ጃኔት አንድም ቃል አልገባትም። "ምን አለች? ተቆጣች?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ፊትሽን ማየት ትፈልጋለች" አልኳት። ጃኔት ሄዳ ፊቷን ታጠበች።

ብርሃኑን አዘጋጀሁ። እማማ መሐል እንዲቀመጡ ጠየቅኋቸው። "መሐላቸው አልገባም" አሉና ከሂሩት ጎን ቆሙ። ከዚያ እኔን ትተው ራሳቸው ማዘዝ ጀመሩ፤ "አንቺ ልጅ፣ ቀና በይ! ሂሩት፣ ትከሻሽን!" ጃኔት በምልክት እየተከተለች ትታዘዛለች። ሂሩት እያለቀሰች ሳቀች። ሙሉ ፊልም ጨረስኩባቸው።

ባለፈው እሑድ ሪቻርድሰን ቤታቸው ጠሩኝ። ፎቶው የሐይቁ ቦታ ላይ ተሰቅሏል። የእማማ ሙሉ የማኅበር ጓደኛ የሆኑ አንድ ወይዘሮም ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ ፎቶውን አይተው "እነማን ናቸው?" አሉ። ሂሩት ትሪ እንደያዘች ባለችበት ቆመች።

"እቺ ሂሩት ናት፣ እቺ ጃኔት ናት፤ አብረው ነው የሚኖሩት፣ እኔም አብሬያቸው ነኝ" አሉ እማማ ሙሉ። "ዳር ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አላማርኩም?"

ወይዘሮዋ ፎቶውን ብዙ አዩት። ወደ ሂሩት አዩ፣ ወደ ፎቶው ተመለሱ።

"አምረዋል" አሉ በመጨረሻ። "ቀሚሱን ከየት አመጡት?"

ጃኔት ከኩሽና ብቅ ብላ፣ በተማረቻት ጥቂት አማርኛ፣ "እኔ ገዛሽ!" አለች በኩራት።

"'ገዛሁ' ነው የሚባለው፣ ልጄ" አሉ እማማ ሙሉ።

"ገዛሁ" አለች ጃኔት።